አልቃሿ ፈንታነሽና ከሰማይ የመጣው ሬሳ

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ፈንታነሽ አያሌው ያላለቀሰችለት ሬሳ የለም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፣ ከዚያ ድንኳን ይተከላል፣ ከዚያ ሰዉ ሁሉ ዞር ዞር እያለ «ፈንታነሽ መጣች?» ይላል። እሷ ካልመጣች ለቅሶው ለቅሶ አይሆንም፤ ለቀስተኛው አፍንጫውን እየጠረገ ስለ ድንችና ስለ ገብስ ያወራል። እሷ መጥታ አንዲት ስንኝ ስትወረውር ግን ከሟቹ ጋር ሃያ ዓመት የተኳረፈውም ሳይቀር ደረቱን ይደቃል።

ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ድምፅዋ ጎርነን ያለ ሴት ናት። ሙሾ ማውጣት የጀመረችው በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ አባቷ ሲሞት ነው። ማንም ሳያስተምራት ከሬሳው ራስጌ ቆማ ስለ ሁለቱ በሬዎቹ አንድ ግጥም አወጣች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የአገሩ ሬሳ ሁሉ የእሷ ሆነ። አሠራር ደግሞ አላት። ለቅሶ ቤት ስትደርስ ከቅርብ ዘመድ አንዱን ወደ ጥግ ትወስድና ሦስት ነገር ትጠይቃለች፤ የሟቹን ስም፣ ሙያውንና ሰው የሚወድለትን ጠባይ። ስም ካልያዘች አፏ አይከፈትም። ስም ከያዘች ደግሞ ከዚያ ሌላ የማንም ሰው ስም፣ በተለይ በሕይወት ያለ ሰው ስም፣ ሙሾዋ ውስጥ አይገባም። ሟርት ነዋ!

ይህን ሁሉ ሬሳ ያየች ሴት ሞትን ደፍራዋለች የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። እንደ ፈንታነሽ ያለ ፈሪ እኔ አላየሁም። አራት ወልዳ ሦስቱን ቀብራለች፤ ባሏንም ቀብራለች። የቀራት ዓለምነው ብቻ ነው። ዓለምነው ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አይሱዙ ይነዳል፤ ከእብናት እህል እየጫነ ይመላለሳል። መኪናው አስነጠሰ ሲባል እናቱ ጋ ልብ ይቆማል።

ባለፈው ኅዳር የእብናት መንገድ ተዘጋ። ለምን ተዘጋ አትበሉኝ፤ ተዘጋ፣ አለቀ፤ የዚያ ማዶ ስልክም አብሮ ጠፋ። ዓለምነው ወዲያ ማዶ ነበር። መጀመሪያ ሁለቱን ቀን «ዘመድ አለው፣ ይጠለላል» ብላ ተጽናናች። በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ አጣች። በአምስተኛው ቀን ስልኳን ከእጇ ማስቀመጥ አቃታት። ስትደውል ደንበኛውን ማግኘት አልተቻለም የምትለዋን የስልክ ሴትዮ እንደ ደመኛ ጠላቻት። «ምን አድርጌሽ ነው? ምን በደልኩሽ?» እያለች ከስልኩ ጋር ትጣላ ነበር።

የቴሌቪዥን ሰዎች የመጡት በዘጠነኛው ቀን ነው፤ ማክሰኞ። ከአዲስ አበባ በአንድ ሚኒባስ መጥተው የአንድ ማኅበር አዳራሽ ተከራዩ። አዘጋጁ ዳዊት የሚባል ሠላሳ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላው ለስላሳ ልጅ ነው፤ ረዳቱ ሕይወት ትባላለች፤ እሷ ደግሞ ስልኳ ከፊቷ ላይ የበቀለ ይመስላል። የሚሠሩት የሚያስቅ ተከታታይ ድራማ ነው አሉ። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን መንኮራኩራቸው ተበላሽቶ እዚሁ አጠገባችን ጋፋት መንደር ላይ ይወድቃሉ፤ ገበሬዎቹም ተቀብለው ያሳድሯቸዋል፣ መንኮራኩሩንም እንጠግናለን ብለው ይፈታቱታል። አዲስ አበባ ላይ ተዋናይ ቢፈልጉ አልሆነላቸውም። አንዷ የገበሬ ሚስት ሆና ልትታይ የመጣች ጥፍሯን ቀይ ተቀብታ ነበር አሉ። እንዲያውስ ከአገሩ ሰው እንምረጥ ብለው መጡ።

ደብረ ታቦር እንዲህ ስቃ አታውቅም። ዳዊት ለሁሉም አንድ ጥያቄ ነበር የሚጠይቀው፤ «ማሳህ ላይ ከሰማይ መንኮራኩር ቢወርድ መጀመሪያ ምን ትላለህ?» የከተማው ጎረምሶች እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው «ዋይ! ዋይ!» ይላሉ፤ ዳዊት «እናመሰግናለን» ብሎ ይሸኛል። የጋፋቱ ገበሬ ሞገስ ድንች ሊሸጥ መጥቶ ሰልፍ ሲያይ የገባ ሰው ነው። ጥያቄውን ሰማ፣ አገጩን አሸት አሸት አደረገና «ጤፉ ታጭዷል ወይስ ገና ነው?» አለ። እዚያው ተመረጠ። የቅኔ መምህሩ የኔታ ወልደሚካኤል ደግሞ የመጡት ሊመረጡ ሳይሆን፣ ሰዎቹ ክህደት ነገር እንዳይሠሩ ሊሰልሉ ነበር። ከሰማይ የወረደ ፍጡር ሆኖ የቆመው የራሳቸው ተማሪ ነው፤ ራሱ ላይ ብረት ድስት ደፍተውበታል። «እስቲ አንድ ነገር ይጠይቁት» ቢሏቸው በመቋሚያቸው ደረቱን ነካ አድርገው «አንተ! ክርስትና ተነሥተሃል?» አሉት። ልጁ ደንግጦ «አዎ የኔታ፣ በአርባ ቀኔ» ብሎ እርፍ! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የኔታ መመረጣቸውን ሲሰሙ ተቆጡ፤ ትንሽ ቆይተው ግን ቀረጻው ከኪዳን ጋር እንዳይጋጭ ጠየቁ።

የቀረችው አልቃሽ ናት። በድራማው ከፍጡራኑ አንዱ ባትሪው ያልቅና ድርቅ ይላል፤ አገሬው ሞተ ብሎ ድንኳን ተክሎ ያለቅሳል፤ ሊቀብሩት ሲወስዱት ፀሐይ ሲያገኘው ይነሣል። ጎረቤቷ ዘነበች ፈንታነሽን ጎትታ ያመጣቻት ለዚህ ነው። «አንቺ፣ ስልክ ላይ እንደተተከልሽ ልትሞቺ ነው! ነይ ትንሽ ሳቂ፤ ልብሽም ይረፍ» አለቻት። ዘነበች ክፉ ሴት አይደለችም፤ ችኩል ናት እንጂ።

ፈንታነሽ በዳዊት ፊት ቆመች። እንደ ልማዷ «የሟቹ ስም ማነው?» አለች።

«ስም የለውም እማማ። ቁጥር ነው ያለው፤ ሰባት መቶ አራት።»

«በቁጥር ይለቀሳል እንዴ? ምን ነካህ ልጄ!»

«እንግዲያው ደስ ያለዎትን ስም ይስጡት።»

ይህ ዳዊት የሚሉት ልጅ ምን እንደተናገረ አያውቅም። በሕይወት ያለ ሰው ስም እንዳትጠራ ፈራች፤ ስም ሳትጠራ ጀመረችው።

«ከሰማይ የወረድክ እንግዳ ሰውዬ፣
ሳትበላ ሳትጠጣ ሞትክብኝ ወይ ብዬ…»

ሰው ፈገግ አለ። ዳዊት ግን ራሱን ነቀነቀ። «እማማ፣ ይህ ጨዋታ ነው። እኔ የምፈልገው እውነተኛውን ነው። የሚያስቀውም እውነተኛ ሲሆን ነው። ዐይንዎን ይጨፍኑና የሚወዱት ሰው እንደሆነ ያስቡ።»

ዐይኗን ጨፈነች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከዐይኗ ሽፋን ሥር የቆመ አንድ ሰው ነበር። አፏ እሷን ሳይጠይቃት ተከፈተ።

«መሪ ጨባጩ፣ ዳገት ለማጁ፣
ዓለምነው ልጄ፣ ራቀህ ወይ ደጁ?
ብደውል ብደውል አላነሣ ያለኝ፣
አፈሩ ነው መሰል ልጄን የቀማኝ።»

ሞገስ ባርኔጣውን አወለቀ። የካሜራው ሰውዬ በክንዱ ዐይኑን ጠረገ። ዳዊት «አገኘናት!» ብሎ ዘለለ። ፈንታነሽ ዐይኗን ስትገልጥ ያየችው ዘነበችን ነው፤ ዘነበች አፏን በመዳፏ ይዛ ቆማለች።

«ምን አልኩ?»

«ምንም… ነይ እንሂድ።»

«ዘነበች፣ በሞቴ! ምን አልኩ?»

«የልጅሽን ስም ጠራሽ።»

ክው አለች። ውሃ አምጡልኝ ብላ ተጉመጠመጠች፤ ምላሷን በነጠላዋ ጫፍ ፈተገችው። የወጣ ስም ግን እንዴት ይመለሳል? የኔታን ተከትላ ወጥታ እግራቸው ላይ ወደቀች። «አባቴ፣ ልጄን ገደልኩት! በአፌ ቀበርኩት!» የኔታም «ተነሺ እንጂ! የሰው ነፍስ በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ ባንቺ ግጥም የሚሞት ቢሆንማ ደብረ ታቦር ሰው አይተርፋትም ነበር» ብለው ገሠጿት። ለሌላ ሰው ቢሆን ያጽናና ነበር። ለእሷ ግን አልጠቀማትም። ለሦስቱ ልጆቿ ስታለቅስ ግጥሙ እንዲህ ሳይታሰብ ነበር የመጣላት፤ ይህንን ለማንም አልተናገረችም፤ እሷ ግን ታውቃለች።

ሐሙስ ጠዋት ዳዊት ወዳረፈበት ሆቴል ሄደች። «አጥፋልኝ» አለችው።

«እማማ፣ ምን ነካዎት? እኮ በዚያ ነው የተመረጡት! አለቆቻችን አዲስ አበባ ሆነው አይተው አለቀሱ። ስሙንም ወደዱት፤ ሟቹን ዓለምነው እንበለው ብለዋል። በየሳምንቱ እየመጡ…»

«ዓለምነው የልጄ ስም ነው!» ብላ ጮኸች። «አንድ ልጄ ነው! መንገድ ላይ ነው! ይኑር ይሙት አላውቅም!»

ዳዊት ፊቱ ዐመድ መሰለ። ካሜራውን አውጥቶ እያየችው ቀረጻውን አጠፋው፤ አለቆቹም ዘንድ ደውሎ አስጠፋ። ከዚያ እያፈረ «ሌላ ስም ሰጥተን እንደገና ብንቀርጽስ?» አላት። «አላለቅስም» አለች። «ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል እኮ።» «ስጠው።» እንዲህ ብላ ወጣች። ሁለቱም ያላወቁት ነገር ነበር። ሕይወት ማክሰኞ ዕለቱን ከለቅሶው አርባ ሰከንድ ያህል ቆርጣ በስልኳ ኢንተርኔት ላይ ለቃዋለች። ድራማ ነው የሚል ቃል እንኳ የለበትም፤ የፈንታነሽ ፊት ብቻ፣ ጥቁር ነጠላ፣ «ዓለምነው ልጄ» የሚለው ድምፅ።

አንበሳሜ ከተማ ታላቅ ወንድሟ ይርጋ አለ። ዓርብ ገበያ መሀል አንድ ባለሱቅ ጠርቶ ያችን አርባ ሰከንድ አሳየው። አሁን ሌላ አገር ቢሆን ሰው ስልክ ደውሎ «እውነት ነው ወይ?» ይላል። እኛ ዘንድ ለቅሶ በስልክ አይደረስም! የእህት ልጅ ሞቶ ስልክ መደወል ነውር ነው፤ በእግር በመኪና ተሂዶ፣ አንገት ላይ ተወድቆ ነው እንጂ። ይርጋ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሚስቱንና ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ፣ አሥራ አንድ ሆነው ቅዳሜ ማለዳ ጎሕ ሲቀድ ከእህቱ ደጅ ደረሰ።

ፈንታነሽ በሩን ከፈተች። ማለዳ፣ ያዘቀዘቀ ነጠላ፣ ከሩቅ የመጣ ወንድም። መርዶ በእኛ አገር በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አኳኋን ነው የሚመጣው። ሌላ ማብራሪያ የሚፈልግ የለም። ይርጋ «ወይኔ ዓለምነው! ወይኔ መመኪያዬ!» ብሎ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። እሷም ሰማች። ለአሥራ ሦስት ቀን ስትፈራው የኖረችው ይኸው መጣ። እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

ጩኸቱን ሰምታ ዘነበች ደረሰች፤ ዘነበችን አይቶ ሰፈሩ ደረሰ። የእድራችን ሰዎች ድንኳን በመትከል ማንም አይቀድማቸውም፤ ፀሐይ ሳትሞቅ ድንኳኑ ቆመ፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደረደረ። ሰዉ ሁሉ ፈንታነሽን ይጠብቃል። ለባዕድ ያን ያህል ያለቀሰች ለልጇ ምን ትል ይሆን? ፈንታነሽ ግን ትንፍሽ አላለችም። እንባ የለ፣ ግጥም የለ። መሬት መሬት እያየች ጣቶቿን ትቆጥራለች። አፏን ብትከፍት ሌላ ሰው የምትገድል መስሏታል። «ደረቀች፣ እሷንም ልናጣት ነው» አሉ ሴቶቹ።

ረፋዱ ላይ ይርጋ ከእሷ ጎን ቁጢጥ አለ። ሆዱ ብሶበታል። «ፈንቴ፣ እኔ ምን በደልኩሽ? በባዕድ ፊት አልቅሰሽ ለወንድምሽ አትልኪም? ልጁስ የት ነው የተቀበረው?»

ቀና ብላ አየችው። «እኔን ትጠይቀኛለህ፣ አያ ይርጋ? አንተ አይደለህ ያረዳኸኝ?»

«እኔማ ያንቺን ለቅሶ በስልክ አይቼ ነው የመጣሁት!»

«ማን ነገረህ ታዲያ መሞቱን?»

«አንቺ ነሻ!»

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው አንዱ አንዱን ያያል። ነገሩን ፈትታ ያስረዳችው ዘነበች ናት፤ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ሰባት መቶ አራት፣ ስለ ሁሉም እየተንተባተበች ተናገረች። ሞተ ያለ ሰው የለም። ወሬው የወጣው ከእናቱ አፍ ብቻ ነው።

እሰይ ብለው የሚገላገሉ መስሏችኋል? የባሰው አሁን መጣ። ሞተ የሚል የለም፤ አለ የሚልም የለም። መንገዱ እንደተዘጋ ነው፣ ስልኩ እንደጠፋ ነው። ድንኳኑ ይፍረስ ወይስ ይቆይ? ቢያፈርሱት ምናልባት ነገ መልሰው ሊተክሉት ነው፤ ቢተዉት ደግሞ ያልሞተ ሰው ላይ ድንኳን ተክሎ መዋል ነው። የእድሩ ዳኛ የድንኳኑን ገመድ ይዞ ቆሞ ቀረ። «የኔታ፣ ምን እናድርግ?» አለ። የኔታም ዕድሜያቸውን ሁሉ ሲያስተምሩ ኖረው፣ አሁን የገመዱን ሌላ ጫፍ ይዘው ከዳኛው ጎን ቆሙ። ዳዊትና ሕይወት ወሬውን ሰምተው መጥተው ከድንኳኑ ጥግ ተሸማቅቀዋል። ሕይወት ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች፤ ማንም አልተቆጣትም፤ ለመቆጣትም ልብ ያለው አልነበረም። ፈንታነሽ «አፌ በተቆረጠ፣ አፌ በተቆረጠ» ትላለች በሹክሹክታ፣ ሳታቋርጥ።

እኩለ ቀን ሲሆን ከወደ መንገዱ የአይሱዙ ድምፅ ተሰማ። እኛ ድንኳን ውስጥ ያለነው የእብናት መንገድ በዚያ ቀን ጠዋት መከፈቱን አላወቅንም። ዓለምነው መኪናውን ከላይ አቁሞ በእግሩ ሲወርድ የእናቱን ደጅ አየ። ድንኳን። ለቀስተኛ። አጎቱ ይርጋ ነጠላውን አዘቅዝቆ። በዚያ ቤት የምትኖረው አንዲት ሰው ብቻ ናት።

«እማ!» ሲል የሰማነው እንደ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ኧረ እማ! አሥራ ሦስት ቀን ብቻ! አሥራ ሦስት ቀን አትጠብቂኝም!» በግንባሩ መሬት ላይ ተደፋ። «ለሰው ሁሉ አልቅሰሽ፣ ላንቺ ማን አለቀሰልሽ? ፈንታነሽ እናቴ…» ብሎ ጀመረ፤ ድምፁ እንደ እሷው ጎርነን ያለ ነው፤ ግጥም ሊያወጣ እንደሆነ ሁላችንም ገባን።

ፈንታነሽ እንዴት እንደተነሣች ያየ የለም። ብቻ አግዳሚ ወንበር ተገለበጠ፣ ሰው ተረገጠ፣ እሷ ልጇ ላይ ነበረች። በሁለት እጇ አፉን ግጥም አድርጋ ይዛዋለች። «ዝም በል! አትጥራኝ! አለሁ! ስሜን አትጥራ!» ልጁ የሞተች እናቱ አፉን ስትይዘው ሊያማትብ እጁን ያነሣል፣ እሷ ደግሞ እጁንም ትይዘዋለች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ቤት የሚመታ ነገር አልነበረውም፤ እንደማንኛችንም አፏን ከፍታ፣ ንፍጥ በንፍጥ ሆና አለቀሰች። ሴቶቹ እልል አሉ። ድንኳኑን ያፈረሱት ከተከሉት በፈጠነ ነው። ዳዊት በዚያ ሁሉ መሀል ካሜራውን ከመኪናው አላወጣም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

ድራማው ተሠርቶ ታየ። የአልቃሿን ቦታ ዘነበች አገኘች፤ ሰባት መቶ አራት እያለች በቁጥር ታለቅሳለች፤ አገር ይስቅባታል። ሞገስን ገበያ ላይ «ጤፉ ታጭዷል ወይ?» የማይለው የለም። ፈንታነሽ ለቅሶ ቤት አሁንም ትሄዳለች፤ ግን ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ሰው ይለምናታል፣ እግሯ ላይ ይወድቃል። «አፌን አላምነውም» ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም።

ዓለምነው አሁንም ይነዳል። እብናት ሲደርስ ይደውላል፤ ስልኩ ሳይጮህ ታነሣለች። ባለፈው ወር እንዲህ አላት፤ «እማ፣ ከኅዳር ወዲህ አንድ ቀን በስሜ ጠርተሽኝ አታውቂም። ልጄ ትይኛለሽ፣ አንተ ትይኛለሽ። ተቀየምሽኝ እንዴ? እስቲ አንዴ ዓለምነው በዪኝ።»

ፈንታነሽ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ቀስ ብለህ ንዳ፣ እሺ?» አለችና ስልኩን ዘጋችው።